‹ፖለቲካን ከቤት አስወጡ› ላሉን ጸሐፊ፦ እኛ ቤት ተሞክሯል

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሦስት ሰው ላከልኝ። ሦስቱም ዘመዶቼ ናቸው። ከጽሑፉ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም። ለምን እንደላኩልኝ ግን ወዲያው ገባኝ።

ጽሑፉ ስለ አሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫና ስለ እኛ ቤተሰቦች ነው። ከ2017ቱ የትራምፕና የሐሪስ ምርጫ ወዲህ እዚህ ያለውና እዚያ ያለው ዘመድ ተኳርፏል፣ መፍትሔው ፖለቲካን ከቤት ማስወጣት ነው ይላል። ጸሐፊው አምስት ምክር አላቸው። የሰው አገር ምርጫ ስለሆነ አይመለከተንም። ምርጫው አልፏል፣ ይረሳ። ታላቅና ገንዘብ የሚልክ ሲናገር ታናሽና የሚቀበል ዝም ይበል። ያልተስማማ ከቤተሰብ ግሩፕ ለጊዜው ይውጣ። በቡናና በበዓል ላይ ፖለቲካ ጨርሶ አይነሳ።

ጸሐፊው በክፋት እንዳልጻፉት አውቃለሁ። ቤተሰብ ሲበተን አይተው አዝነው ነው። እኔም አዝኛለሁ። ነገር ግን ይህ ምክር እኛ ቤት ተሞክሯል፣ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ፣ ያመጣውንም በዓይኔ ስላየሁ ማለፍ አቃተኝ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አብረውኝ እናቴ፣ ታናሽ እህቴና የአጎቴ ልጅ አሉ። ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው። የጭነት መኪና ይነዳል፣ ዜግነት ካገኘ ቆይቷል፣ ትራምፕን መረጠ። አክስቴ ሜሪላንድ ናት። አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ሐሪስን መረጠች። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ «አይመለከተንም» የሚለውን ላንሳ። ጸሐፊው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ብለውታል። እኔ ደግሞ ላሟ እኛ ቤት ውላለች እላለሁ።

ጥቅምት 26 ቀን 2017 አሜሪካኖች ድምፅ ሲሰጡ እኛ ሰፈር ምን ይደረግ እንደነበር ልንገርዎት። ከብሎካችን አጠገብ ያለችው ኢንተርኔት ቤት ሰው ሞልቶ በሩ ድረስ ተሰልፏል። ዲቪ ነው። የዚያ ዓመት ምዝገባ የሚዘጋው ጥቅምት 28፣ ማለትም ምርጫው በተደረገ በሁለተኛው ቀን ነበር። ባለቤቱ ነጭ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ፎቶ ያነሳል። «መነጽርሽን አውልቂ፣ ቀና በይ» ይላል። አሮጌዋ ቴሌቪዥን ላይ የአሜሪካ ካርታ ይታያል። ከሁለቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ በ2010 ዓ.ም ይህ ዲቪ የሚባል ነገር ይቅር ብለው የጠየቁ ሰው ናቸው። ያ የተሰለፈው ልጅ ምርጫው አይመለከተውም?

ሌላም አለ። ጥቅምት 13 ቀን 2013 ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጋር በስልክ ሲያወሩ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው ትችላለች ዓይነት ነገር ተናገሩ። አገሩ ሁሉ ተቆጣ፣ የአሜሪካ አምባሳደርም ተጠርተው ማብራሪያ ተጠየቁ። አክስቴ ያኔ ባይደንን የመረጠችው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ባይደን መጡ። በጦርነቱ ምክንያት ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ከአጎዋ አስወጧት። ከቀረጥ ነፃ የሚላከው ልብስ ቀረጥ ተጣለበት፣ ትዕዛዝ ቀነሰ። የአጎቴ ልጅ ከከተማው ዳር ባለ አንድ ፋብሪካ ሱሪ ትሰፋ ነበር። በዚያው ዓመት ከሥራ ወጣች።

ትራምፕ ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ የውጭ እርዳታውን አቆሙት። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የአሜሪካን እርዳታ በብዛት ከሚያገኙት አንዷ ነበረች። እህቴ በዚያ ገንዘብ በሚንቀሳቀስ አንድ የጤና ፕሮጀክት ላይ ትሠራ ነበር። እሷም ወጣች። እንግዲህ ይቁጠሩት። አንድ ባለ ሁለት መኝታ ቤት፣ ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ፕሬዝዳንቶች፣ ሁለት የተቆረጠ እንጀራ።

የእኛ ፕሬዝዳንት የሚመረጡት በሁለቱ ምክር ቤቶች ነው። አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴ መስከረም 27 ቀን 2017 ሲመረጡ እኛ ቤት ማንም ከማንም አልተጣላም፣ ድምፅ የሰጠ ሰው የለማ። የአሜሪካው ሲሆን ግን ከቤታችን ሁለት ሰው ድምፅ ሰጥቷል። ዋናው ልዩነት ይህ ይመስለኛል። «የሰው አገር ምርጫ» ሲሉ ወንድሜንና አክስቴን ከቤተሰቡ ቆጠራ እያወጧቸው ነው።

ሁለተኛው ምክር «ምርጫው አልፏል» ነው። ለማን አለፈ?

እኛ የተጣላነው ምርጫው የተደረገ ቀን አይደለም። ውጤቱ የታወቀው ረቡዕ ጥቅምት 27፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር። የጥቅምት መድኃኔዓለም ነው፣ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ነጠላዋን እያጠፈች ነበር። ወንድሜ ግሩፑ ላይ ደስ እንዳለው ጻፈ። አክስቴ የሚያለቅስ ፊት ላከች። በቃ፣ በዚያው አለቀ።

ጠቡ የመጣው ከጥር 12 በኋላ ነው። ቃና ዘገሊላ ነበር፣ ቀን ታቦተ ሚካኤልን ሸኝተን ገብተናል። ትራምፕ ቃለ መሐላ የፈጸሙት ያን ማታ ነው፣ በዚያው ዕለት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ፈረሙ። እህቴ ደብዳቤው የደረሳት የካቲት ላይ ነው። ከሰዓት ከወትሮዋ ቀድማ መጣች። አንድ የወረቀት ካርቶን ይዛለች። ውስጡ ጋዋኗ፣ የሻይ ኩባያዋና ጠረጴዛዋ ላይ የነበረው ካላንደር አለ። ካርቶኑን በሩ ሥር አስቀመጠችና ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን አወጣች። ግሩፑ ላይ የጻፈችው አንድ መስመር ነው። «ወንድም ጋሼ፣ እንጀራዬን ቆረጥከው።»

እሱ በድምፅ መለሰ። አራት ደቂቃ። «ያቺ ልጅ ከፋብሪካ ስትባረር ባይደን ነበር። ያኔ ማን አለቀሰላት? ማን እዚህ ግሩፕ ላይ ጻፈላት?» የአጎቴ ልጅ ያን ጊዜ ከእህቴ አጠገብ ምስር እየለቀመች ነበር። ድምፁ ከፍ ብሎ ስለተከፈተ ሁሉንም ሰማች። ቀና አላለችም። እጇ ብቻ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ማንም አልጻፈላትም ነበር። እኔም ጭምር።

በሒሳብ ከሄድን እህቴ ተሳስታለች። ወንድሜ ድምፅ የሰጠው ቨርጂኒያ ነው። ፕሬዝዳንቱን የሚወስነው ለየግዛቱ የተመደበው የመራጭ ድምፅ ነው፣ የቨርጂኒያ 13ቱ በሙሉ የሄደው ለሐሪስ ነው። ትራምፕ 312 ለ226 ያሸነፉት በሌሎች ግዛቶች ድምፅ ነው። የወንድሜ ወረቀት ባይኖርም ያው ነበር። ይህን ስልኬ ላይ አውጥቼ አሳየኋት። ጨርሳ አነበበችና ምን አለችኝ፣ «እሺ፣ የእሱ ድምፅ ለውጥ አላመጣም። ግን ሲሰጥ እኔን አስቦኛል?»

ጸሐፊው ሆይ፣ የእኛ ቤት ጠብ በሙሉ ያቺ ጥያቄ ውስጥ ነው ያለው። ስለ ትራምፕ አይደለም፣ ስለ ሐሪስም አይደለም። ሲመርጥ አስቦኛል ወይ ነው። እርስዎ ደግሞ አትጠይቁ አሉን። ታዲያ መልሱ ከየት ይመጣል?

ሦስተኛውን ምክር ሳነብ በእውነት ተናድጃለሁ። የሚልክ ይናገር፣ የሚቀበል ያዳምጥ። ወንድሜ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «እኔ ነኝ የምልከው» ብሎ አያውቅም። እርስዎ እሱ ያላለውን ነው ያሉለት። ይህ ነገር ተቀባዩን ብቻ መስሎዎት ይሆናል የሚጎዳው። እህቴ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ እሱ የላከውን ብር አልነካም አለች። እናቴ በየወሩ የመቀበያውን ቁጥር በእጅ ጽሑፏ ትገለብጥና ባንክ ሄዳ ትቀበላለች፣ የእህቴን ድርሻ ፖስታ ውስጥ አድርጋ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሥር ታስቀምጣለች። ሦስት ፖስታ ሆነ። እሱ ደግሞ በኋላ ምን እንዳለን ያውቃሉ? «ከብር ሌላ ምንም የምትፈልጉብኝ አይመስለኝም ነበር» አለን። ያቺን የእርስዎን ሕግ ማንም ሳይጽፋት ሁለቱም ወገን ሲኖርባት ነበር።

አራተኛው ከግሩፕ መውጣት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ወንድሜ ከዚያ ድምፅ በኋላ ግሩፑን ለቀቀ። እርስዎ እንደመከሩት «ለጊዜው»። ማንም አልመለሰውም፣ ይብረድለት ተባለ። መጋቢት ላይ አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ሰንዳፋ አረፈ። አብራን የምትኖረው ልጅ አባት ማለት ነው። መርዶው፣ ቀብሩ፣ የድንኳኑ ነገር፣ ሁሉም ግሩፑ ላይ ነው የተነገረው። እኔ አክስቴ ነግራዋለች ብዬ አሰብኩ። አክስቴ እኛ ደውለንለታል ብላ አሰበች። እናቴን ማንም አልጠየቃት።

ወንድሜ የሰማው በማግስቱ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ነዳጅ ሊቀዳ ቆሞ ፌስቡክ ሲከፍት የሰፈር ልጅ የለጠፈውን የቀብር ፎቶ አየ። መርዶ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ ነው። አሜሪካ ያሉትም ሥራ ሳይገቡ ቤት ድረስ ሄደው ነው የሚያረዱት። እሱ ብቻውን፣ መሪው ላይ፣ በስልክ ስክሪን አየው። የአጎቴን ልጅ እንጀራ ጠቅሶ የተከራከረላት እሱ፣ የአባቷን ሞት ሳይሰማ ቀረ። ይህን ያደረገው ፖለቲካ አይደለም። «ይብረድለት» ያልነው እኛ ነን።

አጎቴን ካነሳሁ አይቀር የመጀመሪያውን ሙከራ ልንገርዎት። ግንቦት 7 ቀን 1997፣ የእኛው አገር ምርጫ። አባቴ የቅንጅት ሰው ነበር፣ ሁለት ጣቱን እያነሳ ነው የሚገባ የሚወጣው። አጎቴ ኢሕአዴግን፣ ንብን ነው የመረጠው። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበር በሙሉ ሲወስድ አባቴ በግ አረደ፣ አጎቴ አልመጣም። ከዚያ የመጣውን ሁሉም ያስታውሰዋል፣ እስሩንም ለቅሶውንም። አያቴ ሁለቱን ልጆቿን ጠርታ «ከዛሬ ወዲያ በዚህ ቤት ፖለቲካ አይነሳ» አለች። የእናት ቃል ነው፣ አከበሩት።

እንዴት እንዳከበሩት ልንገርዎት። በገናና በፋሲካ ይገናኛሉ። ስለ ዝናብ ያወራሉ። ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ። ይበላሉ፣ ይመራረቃሉ፣ ይለያያሉ። እውነተኛ ጉዳይ ሲኖር፣ የመሬት ይሁን የአያቴ ሕክምና፣ መልእክቱን የሚያመላልሰው ያኔ ገና ልጅ የነበረው ወንድሜ ነው። ከኮተቤ ሰንዳፋ በአውቶቡስ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ። አባቴ በ2008 ሞተ። አጎቴ ድንኳኑ ውስጥ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ያለውን እስከዛሬ እሰማዋለሁ። «ወንድሜ፣ ምን ቢያስከፋህ ነው አንድ ቀን ሳልጠይቅህ» እያለ ነው ያለቀሰው። ከውጭ ለሚያይ እኮ ያ ቤት ሰላም ነበር። እርስዎ እንደሚሉት ዓይነት ሰላም።

አምስተኛው፣ ቡናና በዓል ላይ አይነሳ። ታዲያ የት ይነሳ? እኛ ቤት ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ የለም።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ፣ እናቴ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ቡና አቀረበች። እዚያ ጠዋት ነው፣ ወንድሜ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሮ እንደተነሳ ታውቃለች። ስልኳን ረከቦቱ ላይ ስኳር ዕቃው ጋ አስደግፋ በቪዲዮ ደወለችለት። ሦስታችንንም አየችን። «ዛሬ ትነጋገራላችሁ። እኔ የአባታችሁን ቤት አይቻለሁ» አለች።

መጀመሪያ የአጎቴ ልጅ ስልኩ ፊት ቀረበች። ወንድሜ ሲያያት ማልቀስ ጀመረ፣ እሷም። ያልተደረገው ለቅሶ ያን ቀን ተደረገ፣ በፋሲካ። አቦሉ እንዳለ ቀዘቀዘ፣ እናቴ ደፍታ ሌላ ቀዳች።

ቶናው ላይ እህቴ ጠየቀችው። «ስትመርጥ እኔን አስበኸኛል?» ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለ፣ እንዳለው ነው የምጽፈው። «በ2014 መጨረሻ ናፍጣ በጋሎን ከ5 ዶላር ተኩል አልፎ ነበር። የቤት ኪራይ ጨመረ። እኔ ለእናንተ የምልከውን ላለመቀነስ ሁለት ወር ጋቢና ውስጥ ተኝቻለሁ። አልነገርኳችሁም። ያን ጊዜ እንዳይመለስ ብዬ ነው የመረጥኩት። አንቺን አስቤ ነው። ሥራሽን እንደሚነካው ግን አላውቅም ነበር።»

እህቴ ይህን አታውቅም ነበር። ማናችንም አናውቅም ነበር። እሱም እሷ የት እንደምትሠራ በደንብ አያውቅም ነበር፣ «ጤና ጥበቃ መስሎኝ» ነው ያለው። እሷ ያኔ ስለ ሥራዋ ነገረችው፣ ስለምትከታተላቸው እናቶች፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ስልኳ ላይ ስለሚደውሉት። አክስቴ በረካው ላይ ገባችና እንደገና ተነሳ ክርክሩ። ስደተኛ ሆነህ ስደተኛ የሚጠላ ትመርጣለህ አለችው፣ እኔ በሕጋዊ መንገድ ነው የገባሁት አላት፣ ያኔ ያንተ ቪዛ ሲዘገይ ማን አለቀሰ አለችው። ድምፅ ከፍ ብሏል። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ወሰደ። ማንም ሐሳቡን አልቀየረም። እሱ ዛሬ ምርጫ ቢሆን ያንኑ ነው የምመርጠው ይላል፣ እህቴ ዛሬም ስህተት ነው የሠራኸው ትላለች። ግን ያን ማታ ፖስታዎቹን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር አወጣቻቸው።

ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት አንድ ነገር አለ። ስድብና የተቀነባበረ ቪዲዮ ማስተላለፍ ይቁም ብለዋል። ልክ ናቸው። ከምርጫው በኋላ ወንድሜም አክስቴም ከቲክቶክ ያገኙትን ሁሉ ግሩፑ ላይ ሲደፉ ነበር፣ ግማሹ ውሸት ነው። እናቴ «የሰው አፍ አትላኩብኝ፣ የራሳችሁን ተናገሩ» ብላ ከለከለች። ከቲክቶክ የሚመጣው ቀረ።

ወንድሜ ወደ ግሩፑ የተመለሰው ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። ትራምፕ ሰኔ 27 የፈረሙት ሕግ ወደ ውጭ በሚላክ ጥሬ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ግብር አለው፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ጀምሮ። መጀመሪያ የጻፈው ስለዚህ ነው። «በጥሬ ከላክን ይቆርጣሉ። ከባንክ ሒሳብ ከላክን አይነካንም፣ አንብቤዋለሁ።» አክስቴ ወዲያው «አየህ?» አለችው። «አይቻለሁ፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል» አላት። እህቴ የሕጉን ዝርዝር እንዲልክላት ጠየቀችው። ላከላት። እስከ እኩለ ሌሊት ሦስቱም እየተከራከሩ ነበር፣ እናቴ ክፍሏ ሆና የስልኩን ድምፅ ስትሰማ አታጥፉት፣ ይጮህ አለች።